ድረ ገጹን እናሳድስ ወይስ መዝገቡን እናጥራ? ምክር ፈልጌ ነው

የአራዳዋ
ጤና ይስጥልኝ። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ቢሮ ባለው ትንሽ የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ነው የምሠራው። ልጆች ከትምህርት በኋላ እናስጠናለን፣ ለአቅመ ደካማ እናቶች ደግሞ በየወሩ አስቤዛ እንሰጣለን። ቋሚ ሠራተኞች አምስት ነን። «አይቲ» የሚባለው ሥራ ኮምፒውተር ስለማልፈራ ብቻ እኔ ላይ ወድቋል።

ባለፈው ሳምንት ቦርዱ «ድረ ገጻችን ያሳፍራል፣ ይታደስ» ብሎ ወሰነ። ዋጋ አስጠየቅን፤ የመጣልን ዋጋ ለልጆቹ ደብተርና ዩኒፎርም በዓመት ከምናወጣው ይበልጣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። የተረጂዎቻችን ዝርዝር በሰባት የኤክሴል ፋይል ተበታትኗል። አንዱ «የመጨረሻ» ይላል፣ ሌላው «የመጨረሻ አዲስ»፣ ሌላው «የመጨረሻ አዲስ የተስተካከለ»። ለጋሽ መጥቶ «ስንት ልጆች ትረዳላችሁ?» ሲል ሦስት ሰው ሦስት ቁጥር ይናገራል። በዚያ ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ተበትኖብናል፤ አድራሻ የሚለው ላይ የተጻፈው ወረዳ የግማሹ ሰው የድሮ ቤቱ ነው።

የቱ ይቅደም? ደግሞ አንድ ትንሽ ጥያቄ፦ ከድሮው ሲስተም ያወጣሁትን ፋይል በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣል። ተበላሽቶ ነው?

አራት ኪሎ ካፌ
ቦርዱ አልተሳሳተም እህቴ። ለጋሽ ድርጅት ቤት ሠርቻለሁ። ማመልከቻ ሲደርሰን መጀመሪያ የምናደርገው የማኅበሩን ስም ጉግል ላይ መጻፍ ነበር። ገጹ አልከፍት ካለ፣ ወይም የመጨረሻው ዜና የ2011 ከሆነ፣ «ሰዎቹ አሉ?» መባባላችን አይቀርም። ያን ሁሉ ብር ግን አታውጡ፤ በዎርድፕረስ፣ ድረ ገጽ መሥሪያ ነው፣ አራት አምስት ገጽ ይበቃችኋል። አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚገድብ፣ የድረ ገጹ ወጪ የት እንደሚመደብ ሒሳብ ሠራተኛችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መዝገብ ቤት
ከላይ ባለው በግማሽ ነው የምስማማው። ገጹ ላይ «ይህን ያህል ልጆች እንረዳለን» ብላችሁ ልትጽፉ አይደል? የትኛውን ቁጥር ነው የምትጽፉት? መዝገቡ ይቅደም። ደግሞ ላብ እንጂ ብር አያስወጣም።

ከትንሿ ጥያቄ ልጀምር። ፋይሉ አልተበላሸም። የሲኤስቪ ፋይል፣ ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጠውን፣ ሁለት ጊዜ ተጭነሽ ስትከፍቺው ኤክሴል በምን ኮድ እንደተጻፈ ይስታል። ባዶ ኤክሴል ክፈቺ፣ «ዳታ» ውስጥ ገብተሽ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ» በይና ፋይሉን ምረጪ። «ፋይል ኦሪጂን» በሚለው ቦታ 65001 ዩኒኮድ ዩቲኤፍ-8ን ስትመርጪ ፊደሉ ይመለሳል። ካልተመለሰ ጽሑፉ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው ማለት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ መልክ ተለጥፎ ነበር የሚጻፈው። እንዲህ ያለው በመቀየሪያ ይቀየራል፣ ጥቂት ከሆነ ደግሞ እንደገና ብትጽፊው ይፈጥናል።

አሁን ወደ ዋናው። ሰባቱን ፋይል አንድ ላይ ስትለጥፊ የሚገጥምሽ የስም ጣጣ ነው። «ፀሐይ ኃይሉ»፣ «ፀሀይ ሀይሉ»፣ «ጸሐይ ኃይሉ»፣ «ፀሐይ ሃይሉ»። ለእኔና ለአንቺ አንዲት ሴትዮ ናት። ለኮምፒውተሩ አራት ሴቶች፣ አራት አስቤዛ! እኔ በነበርኩበት ቤት አንዲት እናት በሁለት አጻጻፍ ተመዝግበው ሁለት ዓመት ሙሉ ዘይት በእጥፍ ወስደዋል። እሳቸውም «ማኅበሩ ወዶኝ ነው» ብለው አምነው ነበር።

መፍትሔው ይኸውልሽ። ዋናውን ስም አትንኪው፣ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቆይ። አጠገቡ «መፈለጊያ ስም» የሚል አዲስ ዓምድ አድርጊና ስሙን ቅጂበት። እዚያ ዓምድ ላይ ብቻ ሐን፣ ኀን፣ ሃን፣ ሓንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን፣ ዓንና ኣን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ቀይሪ። «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» ይበቃል። ሑ፣ ሒ፣ ሡ፣ ሢ፣ ዑ፣ ዒ፣ ፁ፣ ፂ እያልሽ ሁሉንም ዘር መሄድ ስላለብሽ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ከዚያ በዚህ ዓምድ በፊደል ቅደም ተከተል አሰልፊው፤ ተመሳሳዮቹ ጎን ለጎን ይመጣሉ።

ስም ስለገጠመ ብቻ ግን እንዳታዋህጂ። ፒያሳ ውስጥ ስንት ፀሐይ ኃይሉ አለ! የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሦስት ዓምድ ለይተሽ ጻፊ፤ በተጨማሪ ስልክና የእናት ስም አመሳክሪ። የውጭ ሶፍትዌር «ላስት ኔም» ብሎ ሲጠይቅ አንዱ መዝጋቢ የአባት ስም ይሞላል፣ ሌላው የአያት፤ የተበላሸ መዝገብ ግማሹ እዚህ ጋ ነው የሚበላሸው። ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ሰው የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጪና ያንኑ ቁጥር ካቢኔት ውስጥ ባለው ዶሴ ላይ በእስክሪብቶ ጻፊ።

የአራዳዋ
ፊደሉ ተመለሰ!! ሦስት ወር የዘጋሁትን ፋይል ነው በሁለት ደቂቃ ያስከፈታችሁኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የቀን ነገርስ? ልጆቹ የተወለዱበትን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍነው፣ ኤክሴል የሚያወጣው ዕድሜ ግን እብደት ነው። እናቶቹ ደግሞ ቀን የሚባል አያውቁም። አንዷ «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ የጡት ልጅ ነበርኩ» ነው የሚሉኝ። ይህን የት ልጻፈው?

ቆጣሪው
ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። መስከረም 5 ቀን 2010 የተወለደችን ልጅ 5/1/2010 ብለሽ ስትጽፊ፣ ኮምፒውተርሽ ቀንን ከወር የሚያስቀድም ከሆነ፣ እሱ የሚያየው የፈረንጆቹን ጥር 2010 ነው። ልጅቷ የተወለደችው በእነሱ 2017 ስለሆነ ዕድሜዋ ላይ ወደ 8 ዓመት ገደማ ተጨምሮ ይወጣል። ይባስ ብሎ ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ 30/2 ተብሎ ሲጻፍ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጨርሶ አይቀበላትም። ዕድሜ ሲሰላ እነዚህ ልጆች ስሕተት ያሳያሉ ወይም ከድምሩ ይወድቃሉ።

ቀላሉ፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሦስት ዓምድ፣ ሁሉም ተራ ቁጥር። ዕድሜ ከፈለግሽ ዘንድሮ ሲቀነስ የልደት ዓመት። ለጥናት ክፍል ይህ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ማወሳሰብ አያስፈልግም።

ለእናቶቹ የልደት ዓመት አጠገብ «ግምት» የሚል ዓምድ ጨምሪ። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ነው፤ የጡት ልጅ ከነበሩ 1952 ብለሽ ጻፊና «ግምት» ላይ ምልክት አድርጊ። ያሉትንም ቃል በቃል ማስታወሻ ላይ አስቀምጪው። እንዲህ ያለው የእናቶች ታሪክ በአንድ ቁጥር ተውጦ ሲጠፋ እኔን ይቆጨኛል።

ለሚቀጥለው ምዝገባ ግን ኤክሴሉን ተዪው፣ ኮቦ ቱልቦክስ የሚባለውን የመመዝገቢያ ቅጽ መሥሪያ ሞክሪ። ለበጎ አድራጎት ድርጅት ነፃ አካውንት አለው። ኮቦ ኮሌክት የሚባለውን መተግበሪያ አንድሮይድ ስልክ ላይ ትጭኛለሽ፣ ኔትወርክ በሌለበት ትመዘግቢያለሽ፣ ቢሮ ዋይፋይ ስታገኚ ትልኪያለሽ። ጉግል ፎርም ኢንተርኔት ካጣ አይንቀሳቀስም፤ ቤት ለቤት ለምትሄጂው ኮቦ ይሻልሻል። የቀን ጥያቄው «አፒራንስ» የሚል ቦታ አለው፤ እዚያ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ethiopian ብለሽ ብትጽፊ ስልኩ ላይ መስከረም፣ ጥቅምት እያለ የእኛን ካሌንደር ያመጣልሻል። ሲያስቀምጥ ራሱ ወደ ፈረንጅ ይቀይረዋል። ይህ የሚሠራው በስልኩ መተግበሪያ ነው፤ በብራውዘር ስትሞይው አትጠብቂው።

አድራሻን በተመለከተ የድሮውን አታጥፊ። «የቀድሞ ሰፈር» እና «አሁን ያለበት» ብለሽ ለዪ፣ «የተጠየቀበት ቀን» ጨምሪ። ከካዛንችስ ተነሥቶ ገላን ጉራ የገባ ቤተሰብ ልጁን ድልድዩ ጋ ለማስጠናት ስንት ትራንስፖርት እንደሚይዝ የምታውቁት ከዚህ ነው። ለቀጣዩ ማመልከቻችሁም ከየትኛውም ፎቶ ይልቅ ይህ ያስረዳላችኋል።

የካዛንችሱ ልጅ
ስለ ድረ ገጹ ማንም ያልጠየቀሽን ልጠይቅ። ዶሜይኑ፣ የገጹ አድራሻ ማለቴ ነው፣ በማን ስም ነው?

የምጠይቀው ተቃጥዬ ነው። የእኛን ማኅበር ገጽ የሠራልን ልጅ ዶሜይኑን በራሱ ኢሜይል አስመዘገበው፣ ክፍያውም በዘመዱ የውጭ ካርድ ነበር። በኋላ ልጁ አገር ለቀቀ፣ ዕድሳቱ አለፈ፣ አንድ ጠዋት ስንከፍተው የእኛ ስም ላይ የቁማር ማስታወቂያ ተቀምጧል። አሥር ዓመት በየብሮሹሩ ያተምነው አድራሻ! ልጁን አልወቅሰውም፤ «ይህ በማን ስም ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከእኛ መሀል አልነበረም።

ዛሬውኑ ሦስት ነገር እወቂ፦ ዶሜይኑ በየትኛው ኢሜይል እንደተመዘገበ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ የሆስቲንጉ፣ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር፣ ይለፍ ቃል ማን ጋ እንዳለ። ኢሜይሉ የሰው ሳይሆን የማኅበሩ ይሁን። አድራሻው በዶት ኦርግ የሚያልቅ ከሆነና የሠራው ሰው ካለ የማዛወሪያ ኮድ ይስጣችሁ፤ በቅርብ የተመዘገበ ወይም የተዛወረ ከሆነ 60 ቀን መጠበቅ ሊኖር ይችላል። የውጭ ካርድ ከሌላችሁ በብር የሚያስከፍሉ የአገር ውስጥ ሆስቲንግ ድርጅቶች አሉ፤ የአገራችን ዶት ኢቲ ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ነው።

ገጹ ላይ ምን ይጻፍ ካልሽ፣ ቢሮ ስልክ አጠገብ ወረቀት አስቀምጪና ለሁለት ሳምንት ሰው ደውሎ የሚጠይቃችሁን ጻፊ። የፊተኛው ገጽ እሱ ነው። ራዕይና ተልዕኮ ፍለጋ ጉግል ላይ የሚገባ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ሁላችንም ግን ከላይ የምንሰቅለው እሱን ነው። ከታች ይውረድ። ፎቶዎቹንም እያቸው፤ ከካሜራ የወጣ ባለ 5 ሜጋባይት ፎቶ የወላጁን ፓኬጅ ይበላል። ስኩሽ በሚባለው ነፃ የብራውዘር መሣሪያ አሳንሻቸው።

ከዚያ ጉግል ሰርች ኮንሶል ላይ አስመዝግቢው፣ ነፃ ነው። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንዳገኟችሁ ቃል በቃል ያሳይሻል፣ የ16 ወርም ይይዛል። እኛ ያየነው አብዛኛው ሰው የሚፈልገን በእንግሊዝኛ ስማችን ሳይሆን «ነፃ ጥናት ፒያሳ» ብሎ ነበር። ገጻችን ላይ ጥናት የሚል ቃል አንድ ቦታ እንኳ አልነበረም።

አራት ኪሎ ካፌ
በዚህ እጄን ሰጥቻለሁ። መዝገቡም ዶሜይኑም ይቅደም። አራት አምስት ገጽ ያልኩትን ግን አልተውም።

እትዬ ማኅተም
ልጆቼ ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፣ አንድ ነገር ግን ዘለላችሁ። እነዚህ የድሆች ልጆች ስሞች ናቸው። ዝርዝሩ ጉግል ሺት ላይ ካለ ሊንኩን በማይታወቅ መስኮት፣ ኢንኮግኒቶ በሚሉት፣ ክፈቺው። ያለ ይለፍ ቃል ከተከፈተልሽ ለሁሉም ተከፍቷል ማለት ነው። ከዚያ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተልኮ እንደሆነ ፈልጊ፤ ብዙ ጊዜ ተልኮ ይገኛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። አዋጅ ባይኖርም እናትየዋ ችግሯን የነገረችው ለአንቺ ነው እንጂ ለግሩፑ አይደለም።

ድረ ገጹ ላይ ያሉትን የልጆች ፎቶም እንዲሁ። ከአምስት ዓመት በፊት ሳህን ይዛ የተነሣች ልጅ ዛሬ ሃይስኩል ናት፣ ጓደኞቿም ጉግል ያውቃሉ። ወላጅ ያልፈረመበትን አውርጂው።

የአራዳዋ
አመሰግናለሁ፣ እትዬም እድሜ ይስጥልኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ሊንኩ ያለ ይለፍ ቃል ተከፈተ፣ ደነገጥኩ። ዘግቼዋለሁ፤ አሁን የምናየው እኔና አስተባባሪዋ ብቻ ነን። ዶሜይኑ የተመዘገበው በቀድሞ ጸሐፊያችን የግል ኢሜይል ነው። ደግነቱ ሽሮሜዳ ነው ያለችው፣ ደወልኩላት፣ ሐሙስ ቢሮ መጥታ ልታዛውርልኝ ነው። የሚያልቀው ከአርባ ቀን በኋላ ነበር።

ከሰባቱ ፋይሎች አራቱን አዋህጄ 38 የተደገመ ስም አገኘሁ። አሥራ አንዱ በ«ፀ» እና በ«ጸ» ብቻ የተለያዩ ናቸው።

የፊተኛውን ገጽ ሳየው ደግሞ አድራሻችን «ከዶሮ ማነቂያ ወረድ ብሎ» ይላል። ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ስንት ጊዜው! አዲስ የመጣ ወላጅ በምን ያግኘን? ለቦርዱ መጀመሪያ የማሳየው ይህን ነው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ኮቦ ላይ የጥያቄዎቹን ምርጫ በአማርኛ ብጽፍ ሪፖርቱ ላይ ችግር ይፈጥራል?

ቆጣሪው
አይፈጥርም፣ ሰው የሚያነበውን በአማርኛ ጻፊ። የምርጫው የውስጥ ስም ግን፣ «ኔም» የሚለው፣ አጭር የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም ቁጥር ይሁን፣ ክፍት ቦታም አይኑረው። አለበለዚያ በአንዱ ቅጽ «ሃይስኩል»፣ በሌላው «ሀይስኩል» ብለሽ ያው የስሙ ጣጣ ተመልሶ ይመጣብሻል። ከመጀመርሽ በፊት በሁለት ሦስት እናቶች ሞክሪው፤ እኔ የሠራሁት የመጀመሪያ ቅጽ 60 ጥያቄ ነበረው፣ ሴትዮዋ ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ቡና ሊያፈሉ ተነሡ።