ዛርና አድባር ያሉበት የመርማሪ ኮሚክ እየሣልኩ ነው፤ ሐሳብ አዋጡ

ጥያቄ፦ ሠዓሊዋ

ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ጎንደር ውስጥ የሚካሄድ የመርማሪ ኮሚክ እየሣልኩ ነው። የድሮዎቹ መንፈሶች አልጠፉም፤ ከከተማው ኑሮ ጋር ተላምደዋል። አድባሩ ዛፉ ለመንገድ ሲቆረጥበት ፒያሳ አንድ ሆቴል በዘበኝነት ተቀጥሯል። ዛሩ የሚጋልበው ሰው ሲያጣ ባጃጅ ላይ ወጥቷል፤ ቡናውን ትቶ ማኪያቶ አምጡ ይላል። መርማሪዋ ደግሞ የጠፋ ክታብ እያፈላለገች ከእነሱ መሃል ትገባለች።

የቸገረኝ ይሄ ነው። መርማሪዬ ኮትና ባርኔጣ ለብሳ የፈረንጅ ፊልም መሰለችብኝ። መንፈሶቹንስ ቀንድና ጭራ ሳልቀጥልባቸው አንባቢ በምን ይለያቸው? እናቴ ደግሞ «የዛር ስም ጽፈሽ እቤቴ እንዳታስቀምጪ» ብላኛለች። ስማቸውን ልጥራ ወይስ ልተው?

መልስ፦ የአዘዞው

ኮቱን አውልቂላት። መርማሪ እኮ እኛም ነበረን። ሌባ ሻይ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ ነገር ይጠጣል። ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰርለታል፤ ሹሙ ጫፉን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው አንተ ነህ» ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው ፍዳውን አይቶበታል! በኋላ ተከለከለ። መርማሪሽ የዚያ ልጅ የልጅ ልጅ ብትሆንስ? አያቷ ያለ ጥፋቱ ያስያዙት ሰው ቤተሰብ እዚያው ሰፈር አለ በያ። ገመዱን ወገቧ ላይ ብታስሪላት ከባርኔጣው ይሻላል።

መልስ፦ እትዬ ከማራኪ

ልጄ፣ በልጅነቴ ጎረቤታችን ዛር ይወርድ ነበር። ባለዛሯ፣ መንፈሱን የምታናግረው ሴትዮ፣ የምትጀምረው በጥያቄ ነው። ማን ነህ? ከየት መጣህ? ለምን ያዝካት? ምን ትፈልጋለህ? እሱ ይዋሻል፣ ስሙን ይደብቃል፣ ያጓራል። ሲጨንቀው የሚፈልገውን ያወጣል፤ ገብስማ ዶሮ፣ ሽቶ፣ ቀለበት፣ ቀይ ቀሚስ። ይሄ ከፖሊስ ምርመራ በምን ይለያል?

ዛር ሁሌም የሚፈልገው ነገር አለው። ወንጀሉን ከዚያ አንሺ። ማኪያቶው አስቆኛል፤ ግን እስካሁን ቀልድ ብቻ ነው። ማን ነው የሚገዛለት? በምላሹስ ምን ያደርግለታል? እሱን ስትመልሺ ታሪኩ ራሱ ይመጣል።

ስሙን በተመለከተ፣ ራሂሎ ወይም ሰይፉ ጨንገር ሲባል የሚደነግጥ ሰው ዛሬም አለ። እኔ ብሆን አዲስ ስም አወጣላቸዋለሁ። እናትሽንም አታስቀይሚ።

መልስ፦ ቀለም በጥብጥ

ቀንድ ምን ያደርግልሻል? እዚያው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ግድግዳውን ረጋ ብለሽ እዪ። በድሮው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉው በአብዛኛው በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። አንባቢሽ ይሄን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል። ስለዚህ አታልዪው። ዘበኛውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በጎን ሣዪው፤ ሁሉም ይጠረጥረዋል። ነጻ መሆኑ ሲታወቅ ፊቱን አዙሪው። እውነተኛው ሌባ ግን ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ሲያየን ይክረም።

ክታቡንም በደንብ ተጠቀሚበት። የብራና ጥቅልሉ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው የሚዘጋጀው። የተገኘው ክታብ ከባለቤቱ ቁመት ስንዝር ካጠረ፣ ወይ ተቆርጧል ወይ የሌላ ሰው ነው። መርማሪዋ ሴትዮዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ ጥቅልሉን ከራሷ እስከ እግሯ ስትዘረጋው ይታየኛል። አንድ ሙሉ ገጽ ስጪው።

መልስ፦ የቅዳሜ ገበያው

እኔ ሥዕል አላውቅም፣ አድባሩን ግን ወድጄዋለሁ። ፋሲል ግንቡን ሲያሠራ የነበረ ከሆነ ዕድሜው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል። ፒያሳን ጣሊያን የሠራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ ለእሱ ገና አዲስ ሰፈር ማለት ነው። እንግዳ አድራሻ ሲጠይቀው ድሮ በነበረው ምልክት ይንገረውና ባለባጃጁ ግራ ይጋባ። ታቦትና ጠበልን ግን ከቀልዱ አርቂ፤ ሰው ይቀየምሻል።

ሠዓሊዋ፦

የክታቡ ልክ ገደለኝ! እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ማኪያቶውን የሚገዛለት የክታቡ ባለቤት የገዛ ልጇ ነው፤ እርስዎ ሲጠይቁኝ ነው የመጣልኝ። ስሞቹንም ቀይሬያለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ አማርኛው ባብሉ (ንግግር የሚጻፍበት ክብ) ውስጥ አልገባ አለኝ። ፊደሉን ሳሳንሰው አይነበብም።

መልስ፦ ቀለም በጥብጥ

ባብሉን አስቀድመሽ እየሣልሽ ነዋ። መጀመሪያ ጽሑፉን አስቀምጪ፣ ከዚያ ዙሪያውን ሣዪለት። ግሶቻችን ረጃጅም ስለሆኑ ባብሉ ጠባብና ረጅም ከሚሆን ወደ ጎን ይስፋ። ቃል መሃል ላይ አትቁረጪ። ለፊደል ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነጻ ነው፤ ሲያንስም ይነበባል። ማተሚያ ቤት ከወሰድሽው ሥዕሉ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። መሃሉ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት፤ 18 ገጽ ይዘሽ ብትሄጂ ወይ 2 ትጨምሪያለሽ ወይ 2 ትቀንሻለሽ።