«ስሎውሊ ባይ ስሎውሊ» ይባላል ወይስ አይባልም?

ግራ የገባው፦ ሰላም ለቤቱ። ሪፖርት በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ ነው። «የደንበኞቻችን ቁጥር ስሎውሊ ባይ ስሎውሊ እያደገ ነው» ብዬ ነበር። አለቃዬ በቀይ ከበበው፣ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። በምን ልተካው? በ«ስቴፕ ባይ ስቴፕ» ወይስ በ«ግራጁዋሊ»? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

ሰዋስው ወዳድ፦ አለቃህ ልክ ነው። «ቀስ በቀስ»ን ቃል በቃል ገልብጠህ ነው እኮ። እንግሊዞቹ «ስቴፕ ባይ ስቴፕ»፣ «ቢት ባይ ቢት»፣ «ዴይ ባይ ዴይ» ይላሉ። እርምጃ፣ ቁራሽ፣ ቀን፤ ሁሉም ስም ነው። «ስሎውሊ» ግን ተውሳከ ግስ ነው፣ በ«ባይ» አይደረደርም።

ናይሮቢ ያለሁት፦ እዚህም «ስሎውሊ ባይ ስሎውሊ» የሚል ሞልቷል፣ ማንም አይከብበውም 😄

ባለ ዳዊት፦ «ግራጁዋሊ» በል፣ ልጄ። ሥሩ የላቲኑ «ግራዱስ» ነው፣ የእኛው መዓርግ። በዳዊት ከ119 እስከ 133 ያሉትን 15ቱን ማኅልየ መዓርግ እነሱም «ግራጁዋል» መዝሙራት ይሏቸዋል። መዓርግ ደግሞ ከ«ዐርገ» ነው፣ ወጣ። ስለዚህ ቃሉ ለሚያድግ ነገር ብቻ ነው። ለሚቀንስ አይሆንም።

ሰዋስው ወዳድ፦ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ግራጁዋሊ ቀነሰ» በእንግሊዝኛ በየቀኑ ይጻፋል። ደግሞስ በመዓርግ ይወረድበት የለም? የያዕቆብን መሰላል ረሱት?

ባለ ዳዊት፦ ዘፍጥረትን ለእኔ? አንተ ፊደል ሳትቆጥር ዳዊት ደግሜያለሁ።

የሰፈሩ ሊቅ፦ እኔ የምለው፣ «ቀስ» ራሱ ከ«ቄስ» አይመጣም? ቄስ ረጋ ብለው ነው የሚራመዱት።

ሰዋስው ወዳድ፦ ኧረ በፈጠረህ! ቄስ ከ«ቀሲስ» ነው፣ እሱም ከሶርያው «ቀሺሻ»። ሽማግሌ ማለት ነው።

የሰፈሩ ሊቅ፦ ታዲያ ሽማግሌ ይሮጣል?

እታለም፦ 😂😂 በዚህስ ተሸነፍክ። ግን የ1611ዱን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተመልከቱ። ዘጸአት 23፥30 «ባይ ሊትል ኤንድ ሊትል» ይላል፣ ሕዝቡ እስኪበዛ ድረስ። ዛሬ «ሊትል ባይ ሊትል» ሆኗል። ግእዙ «በበሕቅ» የሚለው ዓይነት ነው። እና «ሊትል» ሁልጊዜ ስም ነው እንዴ?

ሰዋስው ወዳድ፦ እዚያ ቦታ ላይ «ትንሽ መጠን» ማለት ነው፣ እንደ ስም ቆሟል።

እታለም፦ እንደ ስም መቆምና ስም መሆን ይለያያሉ።

ሰዋስው ወዳድ፦ አይለያዩም።

እታለም፦ ይለያያሉ። ወንበር ላይ የቆመ ሁሉ አምፖል ቀያሪ ነው?

ግራ የገባው፦ ወገኖቼ፣ መሸ እኮ። «ስቴፕ ባይ ስቴፕ» ልጻፍ ወይስ አልጻፍ?

ናይሮቢ ያለሁት፦ እሱ ቅደም ተከተል ላለው ሥራ ነው። ማሽን መግጠም፣ ፎርም መሙላት። ደንበኛ ተራ ይዞ አይመጣም። ለመሆኑ በቁጥር ስንት አደጋችሁ?

ግራ የገባው፦ ከ40 ወደ 43።

የሰፈሩ ሊቅ፦ ይሄማ እንቁላሉ ገና እግር አላወጣም!

ባለ ዳዊት፦ ወደ መሰላሉ እንመለስ። መላእክቱ መጀመሪያ ሲወጡ ነው የተጻፈው። መውረዱ ኋላ ነው የመጣው። ይህን መልስልኝ።