ክርክር፦ የኢንቾን አሮጌው የወደብ ሰፈር የማን ቅርስ ነው?

አወያይ፦
ባለፈው ሳምንት አንድ አባላችን ከደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ ከኢንቾን ፎቶግራፍ ልኮ ነበር። ከ1899 ጀምሮ የቆመ የድንጋይ ሕንፃ ነው፤ የጃፓን አንደኛ ባንክ ቅርንጫፍ የነበረ፣ ዛሬ ስለ ወደቡ አከፋፈት የሚተርክ ሙዚየም። ከሥሩ አንዱ «እንዴት ያምራል!» ሲል ሌላው «በእኔ እጅ ቢሆን ዛሬ አይቆምም ነበር» አለና ነገሩ ጦፈ። በወጉ እንከራከርበት። ኮሪያውያን በጃፓኖች ዘመን የተገነባውን ይህን ሰፈር እንደ ቅርስ መንከባከባቸው ተገቢ ነው?
ለማያውቁ አባላት፦ ኮሪያ በሯን የከፈተችው በ1876፣ በጃፓን የጦር መርከቦች ማስፈራሪያ በተፈረመ ውል ነው። ቡሳን ቀደመች፣ በ1880 ወንሳን ተከተለች፣ በ1883 ደግሞ ያኔ ጄሙልፖ ይባል የነበረው ኢንቾን ተከፈተ። ከ1910 እስከ 1945 አገሪቱ በሙሉ የጃፓን ቅኝ ሆነች። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጡብና ድንጋይ፦
«ያምራል» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቃሌን አላጥፍም። ግን ለውበቱ ብቻ አይደለም የምከራከረው። በዚያ ሰፈር ከኮረብታው ግርጌ ወደ ላይ የሚወጣ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለ። በአንድ በኩል የቻይናውያን፣ በሌላው በኩል የጃፓናውያን ክልል ነበር፤ ደረጃው ድንበራቸው ነው። በግራና በቀኝ የተተከሉት የድንጋይ ፋኖሶች እንኳ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ረድፍ በቻይና ወግ፣ ሌላው በጃፓን ወግ የተቀረጸ ነው። በመሐል ቆሜ ግራ ቀኝ ሳይ፣ አንዲት አገር በገዛ መሬቷ ላይ እንዴት በባዕዳን እንደተሸነሸነች ያለ አስተማሪ ገባኝ። ያንን ደረጃ አፍርሳችሁ በምን ታስተምራላችሁ?

ባሻገር፦
እህቴ፣ ደረጃውን ማንም አፍርሱ አላለም። እኔ የምለው ስለ ባንኮቹ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት የጃፓን ባንኮች ተደርድረዋል፤ አንደኛው፣ አሥራ ስምንተኛውና ሃምሳ ስምንተኛው። ምን ይሠሩ ነበር? የኮሪያ ሩዝና ወርቅ ወደ ጃፓን የሚሻገርበትን ገንዘብ ነበር የሚያንቀሳቅሱት። በ1896 እዚያው ኢንቾን የሩዝ መገበያያ ተቋቁሞ፣ በሩዝ ዋጋ ውርርድ መሬቱን ያጣው ኮሪያዊ ብዙ ነው። ሴኡል ላይ የጃፓን ጠቅላይ ገዢ መሥሪያ ቤት የነበረው ግዙፍ ሕንፃ፣ በ1926 ተጠናቆ የንጉሡን ግቢ ከፊት ጋርዶ የቆመው፣ ነፃነት የወጡበት 50ኛ ዓመት ሲከበር ነሐሴ 15 ቀን 1995 ከጉልላቱ ጀምሮ መፍረስ ጀመረ። ያኔም «ሙዚየም ሆኗል፣ አይነካ» ያሉ ነበሩ። ፈረሰ፤ ግቢውም ፊቱን መልሶ አገኘ። ኢንቾን ላይ ግን የወረዳው አስተዳደር ጭራሽ ተራ ሕንፃዎችን የጃፓን እንጨት ቤት አስመስሎ ፊታቸውን አለበሳቸው። የነበረውን መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፤ ያልነበረውን ለጎብኚ ብሎ መሥራት ግን የሞቱትን መሳለቅ ነው።

ጡብና ድንጋይ፦
በእንጨቱ ማልበስ ነገር ካንተ ጋር ነኝ። በሴኡሉ ግን አልስማማም። ያ ሕንፃ የቆመው የአንድ ንጉሥ ቤት ላይ ነው፤ ሲነሳ ከሥሩ የሚታይ ነገር ነበረ። የኢንቾኑን ባንክ ብታነሳው ከሥሩ ምን ይወጣል? የመኪና ማቆሚያ ነው የሚወጣው!
እዚያው ኢንቾን የነበረውን የዴቡል ሆቴልን ታሪክ ተመልከት። በ1880ዎቹ መጨረሻ አንድ ጃፓናዊ የሠራው በኮሪያ የመጀመሪያው የምዕራባውያን ዓይነት ሆቴል ነው። ከመርከብ የወረደ የውጭ ሰው ወደ ሴኡል ለመሄድ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅበት እዚያ ያድር ነበር። በ1899 የባቡር ሐዲዱ አገልግሎት ሲጀምር ማንም የሚያድር ጠፋ። ኋላ የቻይና ምግብ ቤት ሆነ፣ በ1978 ፈረሰ። በ2011 ሌላ ሕንፃ ለመሥራት ሲቆፈር መሠረቱ ብቅ አለ፤ በ2018 ገጽታው እንደገና ተሠርቶ ማሳያ ሆነ። ባይፈርስ ኖሮ ቅጂ መሥራት ለምን ያስፈልግ ነበር?

የምሽት ፈረቃ፦
እኔ ኢንቾን የምኖር ሠራተኛ ነኝ፤ ሁለታችሁም አልነካችሁትም የምለው ነገር አለ። በሶንግዎል ሰፈር በ1912 የተሠራ የሳሙና ፋብሪካ ነበር፤ ቀይ ጡብ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ። በ2017 የወረዳው አስተዳደር ራሱ ለመኪና ማቆሚያ ብሎ አፈረሰው። የሚገርመው፣ ማቆሚያው የታሰበው በአቅራቢያው ያለውን በተረት ሥዕሎች ያሸበረቀ መንደር ለሚጎበኙ ሰዎች ነው። የታሪክና የሕንፃ ባለሙያዎች ጮኹ፤ ሲጮኹ ግን ግድግዳው ወድቆ ነበር።
ባንኩ ሲጠበቅ ፋብሪካው ለምን ፈረሰ? ባንኩ ስለሚያምር ነዋ! ፋብሪካ ውስጥ የሚውል ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። በየቀኑ የማሽን ዘይት ከጥፍሬ ሥር እየፋቅሁ ነው የምተኛው።

ባሻገር፦
ወንድሜ፣ ይህን አላውቅም ነበር። አፍርሱ ባይ እኔ ነኝ፤ ይህ ግን አንጀቴን በላው።

የታሪክ መምህርት፦
ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ፤ ሁሉንም አነበብኩ። ክርክራችሁ በሕንፃ ላይ ስለታሰረ ወደ ወደቡ ልውሰዳችሁ።
ኢንቾን ላይ የባሕሩ ከፍታና ዝቅታ ልዩነት ዘጠኝ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ባሕሩ ሲሸሽ ትልቅ መርከብ ጭቃ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ጃፓኖች ውኃውን በበር የሚቆልፍ ወደብ ሠሩ፤ በ1918 ተጠናቀቀ። አፈሩን ከተሸከሙት መካከል እስረኞች ነበሩ። ከእስረኞቹ አንዱ ኪም ጉ ነው፤ ኋላ በስደት የነበረው የኮሪያ ጊዜያዊ መንግሥት መሪ የሆነው። በግለ ታሪኩ እንዳሰፈረው፣ አፈር በጀርባው ተሸክሞ ከፍ ያለ መሰላል ይወጣ ነበር፤ እስረኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰንሰለት ተያይዘዋል። ከሥቃዩ ብዛት ራሱን ወደ ታች ሊወረውር አስቦ ነበር። የከለከለው ነገር ቢኖር አብሮት የታሰረው ሰውም እንደሚሞት ማወቁ ነው።
እንግዲህ ያ ወደብ የማን ነው? ፕላኑን የነደፈው ጃፓናዊ ነው፤ ድንጋዩን የተሸከመው ኮሪያዊ ነው። እኔ ቅርስነቱን የማየው ከተሸካሚው በኩል ነው። አፍርሱት የሚለኝ ሰው የኪም ጉን ላብ አብሮ ያፈርስብኛል። አስውቡት የሚለኝም ሰንሰለቱን ይሸፍንብኛል። ይቁም፣ ግን በሩ ላይ የሠሩት ሰዎች ታሪክ ከባለቤቱ ስም ቀድሞ ይጻፍ።

ጡብና ድንጋይ፦
መምህርት፣ እርስዎ ያሉትን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ሰፈሩን የጃፓንና የኮሪያ ብቻ አናድርገው። ቻይናውያኑ ከሻንዶንግ ተሻግረው የወደብ ሸክም ተሸክመዋል፤ ዛሬ መላው ኮሪያ የሚበላው ጃጃንግምዮን የሚባለው ጥቁር ፓስታ ከእነርሱ የመጣ ነው። በ1931 በቁጣ የተነሳ ሕዝብ ሱቆቻቸውን ሰባበረ። ከኮሪያ ጦርነት በኋላም መሬት እንዳይዙ በሕግ ተገድበው ብዙዎቹ ተሰደዱ። የጎንግህዋቹን ምግብ ቤት ሕንፃ በ2012 የጃጃንግምዮን ሙዚየም ሆኗል፤ ፓስታው ሲከበር ያበሰለው ሰው የደረሰበት በደልም በጉልህ ይነገር።

ባሻገር፦
መምህርት፣ አቋሜን በግማሽ አለሳልሼዋለሁ። ባንኮቹ ይቁሙ እንበል። ገንዘቡ ግን ወዴት ይሂድ? ኮሪያውያኑ ከባሕሩ ዳር ተገፍተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቤዳሪ ሄዱ አይደል? ለባንኩ ጣሪያ የሚወጣው በጀት ለዚያ ሰፈር ቢውል አይሻልም?

የምሽት ፈረቃ፦
ቤዳሪን ጠየቅህ፤ መንገዴ ስለሆነ አውቀዋለሁ። በ1917 የክብሪት ፋብሪካ የተከፈተው እዚያ ነው፤ ክብሪቱን በሳጥን እየሞሉ የሚውሉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ነበሩ፤ ለደመወዛቸውም አድማ መትተዋል። ዛሬ ያረጁ መጻሕፍት የሚሸጡባቸው ጥቂት ሱቆች ቀርተዋል። ሰፈሩን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሰፊ የመኪና መንገድ ሊያልፍበት ሲል ነዋሪዎቹ ለዓመታት ታግለውታል።
ከወደቡ ሰፈር ወደዚያ ስሄድ ሆንግዬሙን በሚባለው ዋሻ መሰል የድንጋይ በር ነው የማልፈው። ጃፓኖች በ1908 ኮረብታውን ሰንጥቀው ያወጡት ነው፤ አለቱን የፈለጡት ግን ኮሪያውያንና ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። ከላይ ቅጠል ተንጠልጥሎበታል፣ ክረምት ከበጋ ግድግዳው ይረጥባል። ሌሊት ከሥራ ስመለስ መኪና በሌለበት ሰዓት እጄን ድንጋዩ ላይ አድርጌ እሄዳለሁ። ነገ ፎቶ አንስቼ እልክላችኋለሁ።

አወያይ፦
ላክልን። ቤዳሪን በተመለከተ ባሻገር ያነሳው የበጀት ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ ክርክሩ ክፍት ነው።