ናፒየር፦ ወደር የለሽ ወይስ ጨርቅ ያዥ?

የጉለሌው፦
ሰላም ቃል ወዳጆች። ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ስለ መቅደላ እያወራን አንዱ «ናፒየር ማለት እኮ በስኮቶች አነጋገር አቻ የለሽ ማለት ነው» አለ። «ኔይ» የለም፣ «ፒር» አቻ። ሲሰሙት ያምራል። መቅደላ ላይ ዓፄ ቴዎድሮስን የገጠመው የእንግሊዝ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ስሙ ራሱ ወደር የለሽ ሆኖ አረፈው። ግን በጣም ስላማረ ጠረጠርኩት። እውነት ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። ጓደኛህ ከራሱ አልፈጠረውም፣ የቤተሰቡ ታሪክ ነው። በስኮትላንድ ከሌኖክስ ጌቶች የአንዱ ልጅ በጦርነት ላይ የስኮቶች ጦር ሲሸሽ የአባቱን ባንዲራ ከያዡ ነጥቆ ወደ ፊት ሮጠ፣ ጦሩም ተከትሎት ድል ሆነ ይላል። ንጉሡም «ሁላችሁም ጀግኖች ናችሁ፣ አንዱ ግን አቻ የለውም» አለና ስሙ ከዚያ ቀረ። ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጽሑፍ ያስቀመጠው የጆን ናፒየር ልጅ ነው። ጆን ናፒየር ማለት በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝም የሚባለውን የሒሳብ ስሌት ዘዴ ለዓለም ያወጣው፣ ኤድንብራ የመርቺስተን ግንብ ውስጥ የተወለደው ሰውዬ ነው። እሱ እንኳ የራሱን ስም ሲጽፍ አንዴ ኔፐር፣ አንዴ ናፔይር፣ አንዴ ኔፔር እያለ ነበር። «አቻ የለሽ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘ ሰው እንዲህ ሆሄ ሲያምታታ ትንሽ ይገርማል።

ዋናው ማስረጃ ግን ሌላ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በስኮትላንድ ሰነዶች ላይ ስሙ የሚገኘው «ጆን ለ ኔፐር» ተብሎ ነው። ይቺ «ለ» የፈረንሳይኛዋ ናት፣ የእኛዋ አይደለችም። «ኔፐሩ ጆን» እንደ ማለት። «አንጥረኛው ከበደ» ስንል ዓይነት። ስለዚህ ኔፐር የሥራ ስም ነው። በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ናፕ» የጠረጴዛ ልብስ ነው፣ ናፒየር ደግሞ በንጉሥ ወይም በትልቅ ጌታ ቤት የማዕድ ጨርቅ የሚይዝ፣ የሚያነጥፍ፣ የሚያሳጥብ ሰው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛቸውንና የግቢ ሥርዓታቸውን ይዘው ገቡ፣ ቃሉም አብሮ ተሻገረ። ደቡብ እንግሊዝ ላይ «ናፐር» የሚባሉት ቤተሰቦችም ከዚሁ ቃል ናቸው።

የጉለሌው፦
ጨርቅ ያዥ! አይ ጓደኛዬ፣ ምን ሊለኝ ነው።

ሆቴል ቤት፦
ጋሽ ፊደል ቆጣሪ፣ ይህቺን ቃል እኔ በእጄ አውቃታለሁ። ሆቴል ላውንደሪ ክፍል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የጠረጴዛ ልብሱን፣ የእጅ ማበሻውን፣ የትሪ ጨርቁን አንድ ላይ «ናፐሪ» ነው የሚሉት። ማታ ማታ «ናፐሪ ቁጠር» ይባላል። ሠርግ ካለ 400 ማበሻ ይወጣል፣ 380 ይመለሳል፣ ሃያው የት ገባ ብለህ በየወንበሩ ሥር ትፈልጋለህ። የቀይ ወጥ ቅባት የነካውን ለብቻ ታወጣለህ፣ ካልሆነ ነጩን ሁሉ ይበክላል። የጠረጴዛ ልብስ ደግሞ ሳይደርቅ፣ ትንሽ እርጥበት እያለው ካልተኮስከው መስመሩ አይወጣም። ጄኔራሉ የኔ ቢጤ ነው ለካ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ወንድሜ፣ አንተ ከዛሬ ጀምሮ «ናፒየር» ነህ። ሥራው ግን የተናቀ እንዳይመስልህ። ንጉሡ የሚበላበትን ጨርቅ የሚነካ ሰው የታመነ ሰው ነው። በእኛም ግቢ አሳላፊው፣ ጠጅ አዛዡ፣ እልፍኝ አስከልካዩ ተራ አገልጋይ አልነበረም።

አሁን ወደሚጣፍጠው እንግባ። «ናፕ» የመጣው ከላቲኑ «ማፓ» ነው፣ ጨርቅ፣ የአፍ ማበሻ። ፈረንሳይኛው መነሻዋን «ም» ወደ «ን» ለወጣት። ሮማውያን በፈረስ ጋሪ ሽቅድምድም ላይ ሹሙ ማፓውን ሲጥል ነበር ውድድሩ የሚጀመረው። ከዚሁ ቃል «ማፓ ሙንዲ» ወጣ፣ በጨርቅ ላይ የተሳለ የዓለም ሥዕል፣ እንግሊዝኛውም «ማፕ» ብሎ አሳጠረው። እኛ «ካርታ» የምንለው። የአንድ ቃል ልጆች ስለሆኑ ናፒየርና ማፕ የሥጋ ዘመድ ናቸው ማለት ነው። ሮማዊው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን ደግሞ «ማፓ» የካርታጎዎች፣ የጥንቷ የሰሜን አፍሪካ ከተማ ሰዎች፣ ቃል ነው ብሎ ጽፏል። የካርታጎ ቋንቋ ሴማዊ ነው፣ የግዕዝ የሩቅ አክስት ልጅ።

የዲሲዋ፦
ናፕኪንስ? እንግሊዞች ደግሞ የሕፃን ዳይፐርን «ናፒ» ይላሉ፣ ለንደን ያለችው እህቴ ቤት ሰምቼ ግራ ገብቶኝ ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦
እሰይ እቴ። «ኪን» ማሳነሻ ናት፣ ናፕኪን ትንሿ ጨርቅ። ናፒ ደግሞ ናፕኪን ሲቆላመጥ። ስለዚህ የጄኔራሉ ስም የሽንት ጨርቅም ዘመድ ነው። ይቅር ይበለን።

ሽርጥም አለች። እንግሊዝኛው «ናፕሮን» ይል ነበር፣ ከዚያው «ናፕ»። «አንድ» ለማለት በተነባቢ ፊት «አ»፣ በአናባቢ ፊት «አን» ስለሚሉ «አ ናፕሮን» ሲባል ጆሮ «አን አፕሮን» ብሎ ቆረጠው። «ን» ከስሙ ተነቅላ ለጎረቤት ተሰጠች፣ ዛሬ «አፕሮን» ነው የሚሉት። ይህ በእኛም ሰፈር የማይታወቅ አይደለም። ካዛንቺስ ማለት እኮ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣሊያን ድርጅት አጭር ስም ነው። እኛ ሁለቱን አጣብቀን አንድ ሰፈር አደረግናቸው።

እና እዚህ ላይ የጓደኛህ «አቻ የለሽ» ተመልሳ ትመጣለች። ጥንታዊው ፈረንሳይኛ «ኖንፐር» ይላል፣ «አቻ ያልሆነ»፣ ማለትም ጎዶሎው፣ ሁለቱ ሲጣሉ በመካከል የሚቆመው ሦስተኛ ሰው። እንግሊዝኛው «ኑምፐር» ብሎ ተቀበለው። ከዚያ ያው ቢላዋ መጣ፣ «አ ኑምፐር» ሲባል «አን ኡምፐር»። ዛሬ የቴኒስና የክሪኬት ዳኛ የሚጠራበት «አምፓየር» ይኸው ነው። ናፒየሮች የሚመኙት ትርጉም ያለው እነሱ ዘንድ ሳይሆን ዳኛው ዘንድ ነው! እነሱ የሚሸሹት ጨርቅ ደግሞ ሽርጡ ላይ። እኔ በበኩሌ ከባንዲራው ታሪክ ይልቅ ይህቺን እመርጣለሁ።

የሆሳዕናው፦
እኔ የእንስሳት መኖ ሰው ነኝ። ገበሬ ማሳ ላይ የምንተክለው «ኔፒር ሣር»፣ የዝሆን ሣር የምንለው፣ ከዚህ ጄኔራል ጋር ይገናኛል? ከህንድ ዝሆን ይዞ መጥቶ የለ እንዴ። ለዝሆኖቹ ያመጣው ሣር ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል።

ፊደል ቆጣሪ፦
ዝሆኖቹ እውነት ናቸው፣ 44 ነበሩ፣ ከህንድ በመርከብ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ወርደው መድፍ ተሸክመው ተራራ ወጥተዋል። ሣሩ ግን ሌላ ናፒየር ነው። ዛሬ ዚምባብዌ በምትባለው አገር የቡላዋዮ ሰው የነበረ ኮሎኔል ናፒየር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ «ይህን ሣር ለከብት ሞክሩት» ብሎ ስለገፋፋ ነው ስሙ የቀረበት። ሣሩ እንደሆነ የአፍሪካ ተወላጅ ነው፣ ማንም አላመጣውም።

ቤተሰቡ መቼም ዓለምን ዞሯል፣ አብዛኛው በወታደርነት። የእኛው ሮበርት በ1810 እ.ኤ.አ. የተወለደው ኮሎምቦ፣ ስሪላንካ ነው። ሌላው፣ ቻርልስ፣ በ1843 እ.ኤ.አ. ሲንድን፣ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ያለውን፣ ያዘ። ኒውዚላንድ ያለችው ናፒየር ከተማ ስሟ ከእሱ ነው፣ በ1931 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት እንደገና የተሠራችው። ሲንድን ሲይዝ በላቲን «ፔካቪ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ላከ ይባላል፣ «በድያለሁ» ማለት፣ በእንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ሲንድ» ሲባል «ሲንድን ይዣለሁ» ከሚለው ጋር ድምፁ አንድ ነው። አልላከም። ጨዋታውን የፈጠረችው ካትሪን ዊንክዎርዝ የምትባል ገና ወጣት ልጅ ናት፣ ለአንድ የቀልድ መጽሔት ላከችው። ስለዚህ ቤተሰብ የሚወራው ጥሩ ጥሩው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው።

የዲሲዋ፦
እኔን የሚገርመኝ ሥራው ስም ሆኖ መቅረቱ ነው። ጨርቅ ማጠፍ ካቆሙ ስንት መቶ ዓመት ሆኗቸው አሁንም ጨርቅ ያዥ። እኛ አገር አያቴ ምስለኔ ነበሩ፣ ምስለኔነቱ ከእሳቸው ጋር ተቀበረ። አሜሪካ ስገባ ግን «ላስት ኔም» ሲሉኝ የአያቴን ስም ሞላሁ። አሁን ልጆቼ በቅድመ አያታቸው ስም ነው የሚጠሩት፣ የገዛ አባታቸው ስም የትም የለም። የልጅ ልጆቼ ደግሞ «ትርጉሙ ምንድነው» ብለው እንዲህ ተሰብስበው ይከራከሩ ይሆናል።

ፊደል ቆጣሪ፦
እነሱም የጀመሩት እንደ አንቺ ነው እቴ። የቀረጥና የርስት ጸሐፊ ሲጠይቅ ያን ጊዜ የያዙት ስም ደርቆ ቀረ።

አንድ ነገር ልጨምር። መቅደላ ከወደቀችበት ከሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በኋላ ንግሥት ቪክቶሪያ ለጄኔራሉ የባሮንነት ማዕረግ ሰጠችው። «ባሮን ናፒየር ኦፍ ማግዳላ»። በእኛ ወግ «ናፒየር ዘመቅደላ» እንበለው። ማዕረጉ በዘር ስለሚወረስ የእኛ አምባ ስም የእንግሊዝ ቤተሰብ ስም ሆነ። መቅደላን «ማግዳላ» ያሉት፣ «ቀ»ን «ገ» ያደረጉት፣ ማርያም መግደላዊት ጆሯቸው ላይ ስላለች ይመስለኛል። ቀልዱ ደግሞ ይሄ ነው፣ የእንግሊዝ መኳንንት «ፒር» ነው የሚባሉት፣ እርስ በርስ እኩያ ስለሆኑ። አቻ የለሽ የተባለው ጄኔራል በመቅደላ ምክንያት አቻ አገኘ።

የጉለሌው፦
ለጓደኛዬ ሁሉንም ገልብጬ ላክሁለት። «ጨርቅ ያዥ ከሆነማ የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ ይመልስልን» ብሎ መለሰ። የጥጥ ቀሚሷ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው።

ሆቴል ቤት፦
ከመቅደላ የተዘረፈውን 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ ተሸክሞት ደላንታ ሜዳ ላይ ሐራጅ ወጣ ይባላል። እኛ ላውንደሪ ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አለ፣ «የወጣ» እና «የተመለሰ»። በዚያኛው ደብተር «የተመለሰ» ሥር እስካሁን የማውቀው በ1925 እ.ኤ.አ. አንድ ዘውድ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የንጉሡ ጸጉር፣ ሌላም አንዳንድ ነገር። እኔ ብሆን ፈረቃዬን አስረክቤ አልወጣም ነበር።