«ባይወስዳቸው ኖሮ ይጠፉ ነበር»፦ የፓርተኖን ቅርጾች ክርክር

የቀበና ልጅ፦
ትናንት ማታ በኤፍ ኤም ስለ ሙዚየም የሚያወራ እንግዳ ሰማሁ። የአቴንሱ ፓርተኖን፣ ማለትም የጥንት ግሪኮች አቴና ለምትባል አምላካቸው የሠሩት ቤተ መቅደስ፣ ቅርጾች ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም መቅረታቸው ተገቢ ነው አለ። «ሎርድ ኤልጂን ባይወስዳቸው ኖሮ ይጠፉ ነበር» ብሎ ጨረሰ። ኤልጂን ያኔ በኦቶማን መንግሥት ዘንድ የእንግሊዝ አምባሳደር የነበረው ነው። አዘጋጁ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቀው ዘፈን ለቀቀ። ደሜ ፈላ። የመቅደላን ዝርፊያ የሚያውቅ ሐበሻ እንዴት ይህን ይላል?

ሠዓሊው፦
ሰውየው ምን አጠፋ? በ1687 (ሁሉንም በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ቬኒሶች አቴንስን ሲከቡ ከተማዋን የሚገዙት ኦቶማኖች (ቱርኮች) ባሩዳቸውን ያከማቹት እዚያው ፓርተኖን ውስጥ ነበር። መድፍ መታው፣ መሃሉ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ የወደቀው እብነ በረድ እየተቃጠለ ኖራ ሆኗል። ሥዕል የተማርኩት እዚያ የተቀረጹትን ፈረሶች ፎቶ እየገለበጥኩ ነው። ሰው ያያቸዋል፣ ይማርባቸዋል። ይኼ ይበቃኛል።

ሀና ዘለንደን፦
«ይጠፉ ነበር» ያልከውን ልያዝ። ፍንዳታው በ1687 ነው። የኤልጂን ሰዎች ሥራ የጀመሩት በ1801 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ እዚያው ቆይተዋል ማለት ነው። ብዙዎቹን ከመሬት አላነሱም፣ ከሕንፃው ላይ ነቅለዋል። ድንጋዩ እንዲቀልላቸው ጀርባውን በመጋዝ ቆረጡት። ከዚያ ሜንቶር የተባለው መርከባቸው በ1802 ኪቴራ ደሴት አጠገብ ሰጠመ። ሳጥኖቹን በጠላቂ ነው ያወጧቸው። ማዳን ይኼ ነው?

የቀበና ልጅ፦
ለእንግሊዝ መንግሥት በ35,000 ፓውንድ መሸጡን አትርሺ! በ1816።

ሠዓሊው፦
የሸጠው ዕዳ ስለነበረበት ነው፤ ካወጣው ወጪ ያነሰ ነው ያገኘው። ለእኔ ግን ሌላም አለ። አቴንስ የቀረውን የመኪና ጭስ በላው። የምዕራቡ በኩል ፈረሰኞች ከሕንፃው የወረዱት በ1993 ነው። እስከዚያ ድረስ ፊታቸው እየሟሟ ነበር። «ይጠፉ ነበር» ማለት ውሸት አይደለም።

ሀና ዘለንደን፦
ለንደን ያሉት ምን ደረሰባቸው ታዲያ? በ1937 እና 1938 እዚያው ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ በመዳብ መሮ ፋቋቸው! ነጭ እንዲሆኑ ተፈልጎ ነው። ግሪኮች ቅርጻቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር። በ2009 እነዚሁ ቅርጾች ላይ የግብፅ ሰማያዊ የሚባለው ቀለም ርዝራዥ ተገኝቷል። አውሮፓ ግን ነጭ ነው ብሎ አመነ። ባንኩንም ፓርላማውንም በዚያ መልክ ሠራ። የተሳሳተውን ግሪክ አስፋፍተው እውነተኛውን ፋቁት። ይኼ በጣም ያናድደኛል።

ጥቁር ዓባይ፦
እናንተ ለግሪክ ታለቅሳላችሁ። የግሪክ የጥንት ሐውልቶችን እዩዋቸው፤ ቀጥ ብለው፣ ግራ እግራቸውን አስቀድመው፣ እጃቸውን ጨብጠው። ይህን አቋቋም ከግብፅ ነው የወሰዱት። የአፍሪካ ነው!

የቀበና ልጅ፦
ተማሩ እንጂ ነቅለው አልወሰዱም። ልዩነቱ እኮ ይኼ ነው! የእኛው ኢዛና ድንጋይ ላይ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ አስጽፏል። የአክሱም ወርቅ ሳንቲም ላይ ግሪክኛ አለ። ጋንዳራ (ዛሬ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ያሉበት አካባቢ) ውስጥ ቡድሃን ሲቀርጹ የልብሱን እጥፋት እንደ ግሪክ አድርገው ሠሩት። ለዚህ ሁሉ የፓርተኖን አንድ ድንጋይ አልተነቀለም። ስለዚህ «ለንደን ስለሄደ ነው ዓለም የተማረበት» የሚለው አይሠራም።

ሠዓሊው፦
ወደ ጋንዳራ አገር ያደረሰው የእስክንድር ጦር ነው። በሰይፍ።

የቀበና ልጅ፦
በሰይፍ ስለሄደ ዝርፊያ ትክክል ነው ልትል ነው?

ሠዓሊው፦
ያላልኩትን አትበል። ሥልጣኔ በንጹሕ እጅ ብቻ አይሻገርም ነው የምለው።

አዛውንቱ፦
ልጆች፣ ስለ አክሱም ሐውልት ላንሳ። ጣሊያን ለስንት ዓመት «ቢነሳ ይሰበራል፣ እዚህ ይሻለዋል» ስትል ኖረች። በ2002 እዚያው ሮም መብረቅ መታው። በ2005 (በእኛ 1997 ዓ.ም.) በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ። ዛሬ አክሱም ቆሟል። «ይጠፋል» የሚለውን እኛም ተብለናል።

ሠዓሊው፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት። ከየገዳሙ መስቀልና ብራና እየተሰረቀ አይደለም? የጠባቂ ነገር እኛን ያሳፍረናል።

ሀና ዘለንደን፦
ብሪቲሽ ሙዚየም በ2023 ወደ 2,000 የሚጠጉ ዕቃዎች ጠፍተውብኛል፣ ተሰርቀዋል፣ ተጎድተዋል ብሎ ራሱ አምኗል። ዳይሬክተሩ ሥልጣኑን ለቀቀ። በዚያው ዓመት ቫቲካን ያሏትን ሦስት የፓርተኖን ቁርጥራጮች ለግሪክ ሰጠች። አቴንስ ደግሞ በ2009 የተከፈተ ሙዚየም አላት። የላይኛው ፎቅ ወደ ፓርተኖን አቅጣጫ የዞረ ነው። ለንደን ባሉት ምትክ የጄሶ ቅጂ ተቀምጧል። ሄጄ አይቻለሁ፤ ያንገበግባል።

ጥቁር ዓባይ፦
በብድር ቢሰጧቸው ምን አለበት? በ2018 የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ለእኛም የመቅደላን ዕቃ በረጅም ጊዜ ብድር ብሎ ነበር። ተቀብሎ ማስቀረት ነው።

የቀበና ልጅ፦
የገዛ ዕቃህን በብድር ፈርመህ ከወሰድክ የእነሱ ነው ብለህ ፈርመሃል። ግሪኮች እንቢ ያሉት ለዚህ ነው። ልክ ናቸው።

አዛውንቱ፦
አስራ አንዱ ታቦታትስ? ብሪቲሽ ሙዚየም ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል። ለሕዝብ አይታዩም፣ ተመራማሪም አያያቸውም። «ለዓለም እናሳያለን» የሚሉት ለማን ነው?

ሠዓሊው፦
ታቦቱ ይመለስ። በዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ። ታቦት የሚገለገልበት ሕዝብ አለው። ፓርተኖን ውስጥ ግን ዛሬ አቴናን የሚያመልክ የለም። አንድ ላይ አትጨፍልቁት።

ሀና ዘለንደን፦
የግድ አምላኪ ያስፈልገዋል? ሕንፃው እስካሁን ቆሟል። ዙሪያውን የተቀረጸው የአንድ ሰልፍ ምስል ግማሹ አቴንስ፣ ግማሹ ለንደን ነው።

ሠዓሊው፦
ለንደን ያለውን በነፃ ገብቶ የሚያየው ብዙ ነው። ሐሳቤን አልቀየርኩም።

የቀበና ልጅ፦
እኔም። በሳምንቱ ፕሮግራም ላይ ደውዬ ያንን እንግዳ በቀጥታ እጠይቀዋለሁ። ስለ መዳቡ መሮ ይመልስልኝ።