ጥቆማ፦ ለዩፎ ጉዞ ክላስ ሲ አርቪ ወይስ ቫን? (ከላስ ቬጋስ እስከ ሮዝዌል)

የኮከብ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። በመስከረም፣ ጨረቃ በማትወጣባቸው ሌሊቶች ከላስ ቬጋስ ተነስተን በኔቫዳ 375 ቁጥር መንገድ ለኤሪያ 51 የጦር ሰፈር ቅርብ ወደሆነችው መንደር ወደ ሬቸል እንሄዳለን። ከዚያ ኮሎራዶ ገብተን ሁፐር በምትባል መንደር ያለውን የዩፎ (ያልታወቀ በራሪ ነገር) መመልከቻ ማማ አይተን ሮዝዌል ላይ እንጨርሳለን። ሁለት ነን። ባለ 24 ጫማ ክላስ ሲ (በጭነት መኪና ሻሲ ላይ የተሠራ አርቪ፣ ማለትም የመኖሪያ መኪና) ወይስ ስፕሪንተር ቫን (መኝታ የተገጠመለት የመርሴዲስ ቫን)? ኪራያቸው ብዙ አይራራቅም። ዋናው ሥራችን ማታ ሰማይ ማየትና መቅረጽ ነው። የትስ ብከራይ ይሻላል?

ሰናይት፦
ቫኑን ያዝ። ክላስ ሲ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ነው የሚሄደው፤ ስፕሪንተሩ 15 አያንስም። ያ መንገድ ላይ ይሄ ከገንዘብም በላይ ነው፤ አላሞ ወይም አሽ ስፕሪንግስ ሞልተህ ከወጣህ ቶኖፓ እስክትደርስ 150 ማይል ገደማ ነው። ሬቸል ላይ እቀዳለሁ ብለህ አትውጣ። ቫኑ ናፍጣ ይሁን ቤንዚን ሳትጠይቅ እንዳትፈርም። የቫን ድክመቱ ውሃ ነው፤ ጋኑ ትንሽ ስለሆነ ሻወሩን እርሳው።

ተበዳይ፦
የት ልከራይ ላልከው፣ ስሙን አልጠራም እንጂ ከትልልቆቹ አከራዮች አንዱ መያዣዬን ሙሉ በሙሉ ነው ያስቀረብኝ። ወደ ኤሪያ 51 የሚወስደው የግሩም ሌክ መንገድ ገብተሃል አሉኝ፤ ለካ መኪናው ጂፒኤስ አለበት። የጽዳት፣ የመስታወት ጭረት፣ የጄኔሬተር ሰዓት እያሉ ደረደሩብኝ። ደረሰኝ አምጡ ብላቸው ዝም!

ሐበሻ በሬኖ፦
እኔንም እንደዚሁ። ሌላ ድርጅት ነው፣ ጨዋታው ግን አንድ ነው።

ተበዳይ፦
አየህ! ማንም ሳያጣራ እንዳይፈርም።

ውል አንባቢ፦
ወንድሜ ተበዳይ፣ ተናደህ ልክ ነህ፤ ግን ብዙዎቹ ውሎች ላይ «ባልተነጠፈ መንገድ አትግባ» የሚል አንቀጽ አለ። የግሩም ሌክ መንገድ ከ375 ከተገነጠለበት ጀምሮ ፒስታ ነው፤ ላዩ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ስለሆነ የቁም ሳጥኑን ማጠፊያና የውሃ ቧንቧውን መገጣጠሚያ ያላላል። ደግሞም መጨረሻው የማስጠንቀቂያ ታፔላ ነው፤ እሱን ማለፍ ያስከስሳል።
ጠያቂው ከመፈረምህ በፊት አራት ነገር ጠይቅ፦ በቀን ስንት ማይል ይፈቀዳል፣ የጄኔሬተር ሰዓት ይቆጠራል ወይ፣ ፒስታ መንገድ ይፈቀዳል ወይ፣ ስኮርታ አለው ወይ። ብዙ ክላስ ሲ ያለ ስኮርታ ነው የሚከራየው። ስትረከብ ጣሪያውን፣ ከሥሩ፣ የፊት መስታወቱንና የጄኔሬተሩን ሰዓት ቆጣሪ ሳታቋርጥ በቪዲዮ ቅረጽ። የጎማውንም ጎን ተመልከት፤ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች የተመረተበት ቀን ናቸው። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አርቪ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚከርም ጥርሱ አዲስ እየመሰለ ጎማው ከውስጥ ይደርቃል፤ በሙቀት ላይ ጭነት ሲጨመርበት ይፈነዳል። ሰባት ዓመት ያለፈው ከሆነ ይቀየርልኝ በል።

ጋሽ ፈረደ፦
ልጆች፣ ይሄን ሁሉ ከማውራት አንድ ሆንዳ 2200 ጄኔሬተር ግዙ። ድምፁ ብዙ አይረብሽም፣ ክብደቱ 47 ፓውንድ ብቻ ነው፣ ኤሲውንም ያስነሳል።

ሰናይት፦
ጋሼ፣ ሆንዳው ጥሩ ነው፤ ግን ሁፐር 7,500 ጫማ ላይ ነው። ጄኔሬተር በየ1,000 ጫማው 3.5 በመቶ ገደማ አቅም ይቀንሳል። ሳያቋርጥ የሚሰጠው 1,800 ዋት እዚያ 1,330 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ባለ 13,500 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ኤሲ ሲነሳ የሚስበውን ያለ ሶፍት ስታርተር (ሲነሳ የሚስበውን ኃይል የሚቀንስ መሣሪያ) አይችለውም።

ጋሽ ፈረደ፦
ሆንዳ ሆንዳ ነው። አሳፍሮኝ አያውቅም።

ሰናይት፦
እሺ ጋሼ፣ ቁጥሩን ግን አይቀይሩትም።

ምናሴ፦
ሮዝዌልን ከዝርዝሩ አውጣው። እዚያ በ1947 የወደቀ ዩፎ ነው የተባለው ስብርባሪ የፕሮጀክት ሞገል (የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ለመከታተል የታሰበ ሚስጥራዊ ፕሮጀክት) ፊኛ እንደነበር አየር ኃይሉ በ1994 አሳውቋል። ያንን ቀን ቴክሳስ ውስጥ ሌሊት እንግዳ መብራት ይታይባታል ለምትባለው ለማርፋ ስጠው፤ መመልከቻው ከከተማው በስተምሥራቅ 9 ማይል ላይ ነው፣ ሽንት ቤትም አለው።

የኔዋ ሰማይ፦
የማርፋው መብራት በአመዛኙ የሀይዌይ 67 መኪኖች ፋኖስ ነው፤ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ2004 ፈትሸውታል። ሞገልን ስትቀበል ይሄንንም ተቀበል። በጁላይ 8 ቀን 1947 «በራሪ ዲስክ ይዘናል» ብሎ መግለጫ ያወጣው ራሱ የሮዝዌል አየር ጦር ሰፈር ነው። የሮዝዌልን የዩፎ ሙዚየም ሳያይ እንዲመለስ አልመክርም።

ሐበሻ በሬኖ፦
የተጠየቀው ቫን ወይስ ክላስ ሲ ነው። ሰው ጥያቄውን አንብቦ ቢመልስ ምናለበት? አንዱ መያዣው፣ አንዱ ሆንዳው፣ አንዱ ፊኛው!

ዳዊት ቴሌስኮፕ፦
እኔ ወደ ዋናው ሥራ ልመለስ። ክላስ ሲም ያዝ ቫን፣ ማታ ላይ ጄኔሬተር አይነሳም፤ ንዝረቱም ድምፁም ቀረጻውን ያበላሻል። ስለዚህ መለኪያህ ባትሪው ይሁን። 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም 1,280 ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ እርሳስ ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ቁጠር። የማሞቂያው ማራገቢያ ብቻውን በሰዓት 7 ወይም 8 አምፒር ይበላል። ሁፐር በመስከረም ሌሊቱ ይበርዳል፤ ሊቲየም ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ መደረግ የለበትም። ባትሪው ከውስጥ ነው ከውጭ የተገጠመው? ይህን ጠይቅ።
ካሜራውን ጣሪያ ላይ አትትከል። ሰው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሞላው ስለሚወዛወዝ ኮከቡ ሁሉ መስመር ይሆናል። ትራይፖዱን መሬት ላይ፣ ከመኪናው ራቅ አድርገህ አቁም። ሰፊ ሌንስ በኤፍ 2.8 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 3200 (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ 15 ሰከንድ መነሻ ይሁንህ። በሩ ሲከፈት የሚበራውን መብራት በቀይ ፕላስተር ሸፍነው፤ ዓይን ጨለማ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ነጭ ብልጭታ እንደገና ከዜሮ ያስጀምርሃል።
ሁለተኛ ካሜራ ካለህ ሌንሱ ፊት ዲፍራክሽን ግሬቲንግ (ጥቃቅን መስመሮች ተደርድረው ያሉበት ስስ ገጽ) አድርግበት። ብርሃኑ በቀለም ይዘረጋል፤ ፀሐይን የሚያንጸባርቅ ሳተላይት ያልተቆራረጠ ቀለም ይሰጥሃል፣ የሶዲየም መብራት ቢጫው ላይ ጎልቶ ይታያል። አንድ ነጭ ነጥብ ቀርጸህ «አየሁ» ከማለት ይሄ ማስረጃ ነው። 1090 ሜጋኸርዝ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮም ከላፕቶፕ ጋር አያይዝ፤ የአውሮፕላኖቹን ቦታ ያሳይሃል። የጦር አውሮፕላን ግን ሲግናሉን ሊያጠፋ ስለሚችል «ሬዲዮው ላይ የለም» ማለት «ዩፎ ነው» ማለት አይደለም። ሬቸል አካባቢ ተደርድረው ቀስ ብለው የሚወርዱ ብርቱካናማ መብራቶች ካየህ፣ ባብዛኛው በፓራሹት የተጣሉ ፍሌሮች (ከጦር አውሮፕላን የሚለቀቁ የሚነድዱ መብራቶች) ናቸው። ተራራው ሲጋርዳቸው አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ በአንድ መስመር የሚሄዱት ነጥቦች ደግሞ ባብዛኛው የስታርሊንክ የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው።

ውል አንባቢ፦
ስለ ማደሪያ ልጨምር። የቢኤልኤም (የፌዴራል መንግሥቱ የመሬት አስተዳደር) መሬት ላይ በአብዛኛው በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን በነፃ ይታደራል። 375 ላይ በሌሊት አትንዳ፤ አጥር ስለሌለ ከብት አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ ብትገጨው ባለከብቱ አይጠየቅልህም።

የኮከብ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዳዊት፣ ግሬቲንጉ በሚሊሜትር ስንት መስመር ይሁን?

ዳዊት ቴሌስኮፕ፦
ከ100 እስከ 200። ከዚያ በላይ ከሆነ ብርሃኑ በጣም ስለሚበተን ደብዛዛው ነገር አይያዝልህም።

ተበዳይ፦
መያዣውን በክሬዲት ካርድ ክፈል። ዴቢት ከሆነ ገንዘቡን ለማስመለስ ትለፋለህ።

ጋሽ ፈረደ፦
ሆንዳውን እንዳትረሳ።