ለጎሽ አደን የትኛውን ጠመንጃ ልያዝ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛልና እስቲ የምታውቁ እርዱኝ። የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ኤልክ (ትልቁን የአጋዘን ዓይነት) ማደን ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሁሌም በዚያችው በ.30-06 ጠመንጃዬ። አሁን ከጓደኛዬ ጋር ታንዛኒያ ለጎሽ አደን ልንሄድ ነው፤ ቀብዱም ተከፍሏል። .30-06 ለጎሽ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ እሱን አትንገሩኝ። ጥያቄዬ ከትልልቆቹ ጠመንጃዎች .375 ኤች ኤንድ ኤች ልግዛ ወይስ ከሱ የሚበልጠውን .416 ሪግቢ?

ጓደኛዬ «ጎሹ ቆስሎ ሲዞርብህ ትልቁን ትመኛለህ» እያለ .416ቱን ይገፋፋኛል። ባለፈው ቅዳሜ በሱ ጠመንጃ ሞከርኩት። ሦስተኛዋ ጥይት ላይ ስኮፑ (ማነጣጠሪያ መነጽሩ) ቅንድቤን ሰነጠቀው፣ ደሜ ሰደፉ ላይ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ወዲህ ቃታ ልስብ ስል ዓይኔ ቀድሞ ይጨፈናል። (ሚስቴ እስካሁን ትስቃለች።) .375ቱም ቢሆን ባለ 300 ግሬይን (19 ግራም ገደማ) ጥይት ሲጎርስ ርግጫው ከ.30-06 እጥፍ ገደማ ነው፣ ግን የምችለው ይመስለኛል። ከ1912 ጀምሮ አፍሪካ ውስጥ ስንቱን ጎሽ የጣለ ነው፤ ለዚያውም ጎሽ ብዙ ጊዜ የሚተኮሰው ከ100 ሜትር በታች ሆኖ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ከ1 እስከ 4 የሚያጎላ ስኮፕ ይበቃል? መጀመሪያ ለስላሳውን (ሲመታ የሚሰፋውን) ቀጥሎ ድፍኑን (ሳይሰፋ ጠልቆ የሚገባውን) ጥይት አጉርስ የሚባለውስ አሁንም ይሠራል? ወይስ ጭራሽ ሳልገዛ እዚያው ልከራይ? በማላውቀው ጠመንጃ ጎሽ ፊት መቆሙን ግን ልቤ አልፈቀደውም። ጎሽ የጣላችሁ ካላችሁ ቶሎ ጻፉልኝ፣ ጉዞው ሦስት ወር ነው የቀረው።